ከመሞት መሰንበት፦ ለሶል ናይት ጀማሪዎች

ሶል ናይት የሚባለውን የስልክ ጌም መጀመሪያ የከፈተ ሰው የሚገርመው ማነጣጠር አለማስፈለጉ ነው። የቀኝ አውራ ጣት አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ጠመንጃው ቅርብ ያለውን ጠላት ራሱ ፈልጎ ይተኩሳል። እንግዲህ ለተጫዋቹ የቀረለት ሥራ ምንድን ነው? የግራ አውራ ጣት ሥራ ነው። ባለታሪኩን የሚያስኬደው፣ የሚያስሮጠው፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚከተው እሱ ነው። ጀማሪ ሁሉ ልቡን ቀኙ ላይ ያደርጋል፤ የሚሞተው ግን በግራው ነው።

ጨዋታውን የሠራው ቺሊሩም የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው፤ መቀመጫው ሸንዠን ከተማ። ለስልክ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን አውርዶ ለመጫወት ገንዘብ አይጠየቅበትም። ታሪክ ተብሎ የተሰጠው ነገር አጭር ነው። የዓለምን ሚዛን ጠብቆ የያዘ የአስማት ድንጋይ ነበረ፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሰረቁት፤ ጦረኛው ሊያስመልሰው ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋዩ የሚጨነቅ ተጫዋች አላጋጠመኝም።

የምድር ቤቱ አሠራር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ሁሉም ነገር የሚታየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጣሪያው የተነሣለት ቤት ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ሲራወጡ እንደማየት። ሦስት ዓለም አለው፤ እያንዳንዱ ዓለም አምስት አምስት ደረጃ። ስክሪኑ ላይ 1-1 ብሎ ይጀምርና 3-5 ላይ ያበቃል። አንዱ ደረጃ በኮሪደር የተያያዙ ጥቂት ክፍሎች ናቸው። ጠላት ያለበት ክፍል ሲገባ በሩ ከኋላ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ጠላት እስኪወድቅም አይከፈትም። አንዱ ክፍል ውስጥ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግር በር አለ፤ ሌላው ውስጥ የጦር መሣሪያ ሣጥን፣ ሌላው ውስጥ ነጋዴ ሊገኝ ይችላል። በየአምስተኛው ደረጃ ደግሞ ቦስ የሚባለው ዋና ጠላት ይጠብቃል። የክፍሎቹ አቀማመጥ በየጨዋታው አዲስ ስለሚሠራ ትናንት የተጠና መንገድ ለዛሬ አይሆንም። የሞተ ሰው በመሠረቱ ከ1-1 እንደገና ይጀምራል።

ይህ ጨካኝ ሕግ የቺሊሩም ፈጠራ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ማይክል ቶይ፣ ግሌን ዊችማንና ኬን አርኖልድ የተባሉ አሜሪካውያን ሮግ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሩ። ሥዕል አልነበረውም። ጀግናው በኢሜይል አድራሻ መሃል የምናየው ክብ ምልክት ነበር፤ ጭራቆቹም የእንግሊዝኛ ፊደላት። ምድር ቤቱን በየጊዜው ኮምፒውተሩ አዲስ አድርጎ ይሥለው ነበር፤ የሞተም ሞተ ነው፣ መመለሻ የለውም። በ1985 አታሪ ጎንትሌት የሚባል በሳንቲም የሚሠራ ማሽን አወጣ። አራት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ምድር ቤት ውስጥ ይተኩስበታል። ጎንትሌት ላይ የተጫዋቹ ሕይወት ማንም ሳይነካውም በየሰከንዱ ይቀንሳል፤ ባለማሽኑ ሌላ ሳንቲም ይፈልጋላ። በ2011 ዘ ባይንዲንግ ኦፍ አይዛክ፣ በ2016 ኢንተር ዘ ገንጀን መጡ። ገንጀን ላይ ጠላቶቹ ሳይቀሩ የጥይት ቅርጽ አላቸው፤ ተጫዋቹም ጠረጴዛ ገልብጦ ይከለልበታል፣ በጥይት መሃል ይንከባለላል። ሶል ናይት የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ከታላላቆቹ ወርሶ ለሁለት አውራ ጣት እንዲመች አቅልሎታል።

ታናሹ ወንድም እኛ ዘንድ የገባበት መንገድ ደግሞ የራሱ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በየከተማው የሞባይል ቤቶች ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ስልክ ይጠግናሉ፣ ካርድ ይሸጣሉ፣ ፊልም፣ ዘፈንና ጌም ይጭናሉ። በትንሽ ከተማ ላለ ልጅ ጌም የሚመጣው ከፕሌይስቶር ይልቅ ከሰው ነው። አንዱ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ጭኖ ይመጣል፤ ከዚያ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መስመር የሚጠይቁት ጌሞች ስልክ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር ፋይዳ የላቸውም። ሶል ናይት አንዴ ከተጫነ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ኢንተርኔት አይፈልግም። ስንት ሜጋባይት ይወስዳል የሚለው ግን መጠየቅ አለበት፤ ጨዋታው በየእድሳቱ እየከበደ ሄዷል፣ አሮጌ ቴክኖ ወይም አይቴል ላይ ቦታ ሊያስለቅቅ ይችላል።

ፕሌይስቴሽን ቤቶቹስ? እዚያ የሚነግሠው ኳስ ነው። የተሸነፈ ይነሣል፣ ወረፋ የያዘው ከኋላ ቆሞ ያጉረመርማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻውን ተቀምጦ ምድር ቤት የሚያስስ ሰው ለባለቤቱም ለወረፋ ጠባቂውም አይመችም። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ማደሪያ ስልክ ሆነ።

ወደ ምድር ቤቱ እንውረድ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሦስት መስመሮች አሉ። ቀዩ ሕይወት፣ ግራጫው ጋሻ፣ ሰማያዊው ለተኩስ የሚውል ጉልበት ነው። በነፃ የሚሰጠው የመጀመሪያው ጦረኛ ሲነሣ 6 ሕይወት፣ 5 ጋሻና 180 ጉልበት አለው። የመጣ ምት ሁሉ መጀመሪያ ግራጫውን ይበላል፤ ግራጫው ሲያልቅ ወደ ቀዩ ይዘልቃል። ሁለቱን የሚለያቸው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጋሻው ለጥቂት ሰከንድ ሳይመታ ከቆየ ራሱን እየሞላ ይመለሳል። ቀዩ አይመለስም፤ መድኃኒት ካልተገኘለት የጎደለ ጎደለ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በግራጫው መመታት ይቻላል፤ በቀዩ መመታት አይቻልም። ጥሩ ተጫዋች የማይመታ አይደለም፤ ጋሻው ሲያልቅ መተኮስ አቁሞ የሚሸሽ ነው። ከምሰሶ ጀርባ ይገባል፣ አንድ ሁለት ጋሻ እስኪመለስለት ዝም ብሎ ይዞራል፣ ከዚያ ይወጣል። ጀማሪው ግን ግራጫው ባዶ ሆኖ ሳለ «አንድ ብቻ ነው የቀረው» ይልና ይገጥማል። ያ አንዱ ጠላት ሁለት ቀይ ወስዶበት ነው የሚሞተው። ክፍሉ ተከፈተ፤ ጋሻው በሰከንዶች ይሞላል፤ ሁለቱ ቀይ ግን እስከ ቦሱ ድረስ እንደጎደሉ አብረውት ይሄዳሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ያፈሰሰ መልቀሚያም የለውም።

ስለ መቸኮል ከተነሣ፣ በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ኮሪደር የጨዋታው በጣም የተናቀ ቦታ ነው። እዚያ ጠላት የለም። የሚቆጥር ሰዓትም የለም። ጎንትሌት ሳንቲም እንዲበላ ተብሎ ሕይወትን በየሰከንዱ ያንጠባጥብ ነበር፤ ሶል ናይት ላይ ግን የቆመ ሰው የሚከስረው ነገር የለም። ሆኖም ጀማሪዎች ከአንዱ ክፍል እንደወጡ፣ ጋሻቸው ግማሽ ሆኖ፣ አንዴ ከዋለ ፋታ የሚፈልገው ልዩ ችሎታቸው ገና ሳይመለስላቸው፣ በሩጫ ወደሚቀጥለው ይገባሉ። በሩ ሲዘጋ ጎደሎውን ይዘው ይዘጋባቸዋል። ውሻ ያለበት ግቢ የሚገባ ሰው በሩን ከመግፋቱ በፊት ዱላውን ያያል፤ ከገባ በኋላ ዱላ የሚፈልግ የለም። ኮሪደሩ ዱላ መፈለጊያው ነው። ጋሻው ይሙላ፣ ችሎታው ይመለስ፣ የሚተኮሰው መሣሪያ ይመረጥ፣ ጥጉ ላይ ያለው ትንሽ ካርታ ይታይ። ይህን ብቻ የለመደ ጀማሪ ሌላ ምንም ሳይማር ቀድሞ ከሚሞትበት ክፍል ሁለት ሦስት ክፍል አልፎ ይሄዳል።

ጠላቶቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ በዙር ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው ዙር አልቆ ክፍሉ ጸጥ ሲል የወደቀ ሳንቲም ለመልቀም ወደ መሃል የሚሮጥ ሰው ሁለተኛው ዙር ዙሪያውን ይፈላበታል። ሳንቲሙ የትም አይሄድም። በሩ መከፈቱ እስኪታይ ድረስ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ አለመራቅ ነው።

አሁን ወደ እግሩ። የዚህ ጨዋታ ጥይቶች ቀርፋፎች ናቸው። ደማቅ ቀለም አላቸው፣ በዓይን ይታያሉ፣ አብዛኞቹም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ጠላት የሚተኩሰው ባለታሪኩ አሁን ወደቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥይቱ ሲነሣ ወደ ጎን አንድ እርምጃ መውጣት ይበቃል። የሰው ደመ ነፍስ ግን ወደ ጎን አይወስድም፤ ወደ ኋላ ነው የሚወስደው። ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ደግሞ ከጥይቱ መስመር አልወጣም፣ የሚመታበትን ሰዓት አራዘመ እንጂ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ያበቃለታል። ክፍሉን በአንድ አቅጣጫ፣ በሰፊው፣ ግድግዳውን ሳይነኩ መዞር ከሁሉ የተሻለ ልማድ ነው። የሚዞርን ሰው ጥይት ሁልጊዜ ከኋላው ነው የሚያልፈው።

ጥይት አንድ በአንድ የማይተኩሱም አሉ። እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ሦስት አምስት አድርገው ይበትናሉ። እዚህ ላይ የሚያድነው ርቀት ነው፤ ምክንያቱም ጥይቶቹ በሄዱ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል። በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ በሁለት ጥይቶች መካከል የአንድ ሰው ስፋት ካለ፣ በአራት እርምጃ ላይ የሁለት ሰው ስፋት ይኖራል። ሩቅ የቆመ ሰው በክፍተቱ ውስጥ ጥቂት ተነቃንቆ ያልፋል፤ ቅርብ የቆመ ሰው ማለፊያ የለውም። ከርከሮ የሆኑት ጠላቶች ግን በተቃራኒው ናቸው። አይተኩሱም፤ አቅጣጫ ይይዙና ቀጥ ብለው ይጋልባሉ። ከእነሱ ቀድሞ መሸሽ አይጠቅምም። መጋለብ ሲጀምሩ ወደ ጎን ከተወጣ አልፈው ሄደው ጀርባቸውን ይሰጣሉ።

መከለያ ሲመረጥም ልዩነት አለ። ግድግዳና ምሰሶ ጥይት አያሳልፉም፣ አይሰበሩምም። የእንጨት ሣጥኖች ግን ጥቂት ተመትተው ይበተናሉ። ከሣጥን ጀርባ ያለ ሰው የተከለለ ይመስለዋል እንጂ መከለያው እያለቀበት ነው። የሚፈነዱ በርሜሎችም አሉ፤ ከእነሱ ጀርባ መደበቅ ከሁሉ የባሰ ሲሆን ጠላት አጠገባቸው ሲቆም መምታት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ወለሉ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ሹል ብረቶችን ያልጠቀስኩት ማንም አንዴ ከረገጣቸው ስለማይረሳቸው ነው።

ጠመንጃው ራሱ ያነጣጥራል ብለናል። ያም ቢሆን የሚመርጠው ቅርብ ያለውን ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ ቆሞ ጥይት የሚያዘንብ ጠላት እያለ ጠመንጃው እግር ሥር ያለውን ደካማ ሲደበድብ ጀማሪ ይናደዳል፤ ጌሙ ተበላሸ ይላል። ዒላማ መቀየሪያ ቁልፉ ግን እግሩ ነው። ወደ ተፈለገው ጠላት ከተጠጉ ጠመንጃው ወደዚያ ይዞራል። በጣም ከተጠጉ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ባለታሪኩ መተኮሱን ትቶ በእጁ ይመታል። ይህ ምት ጉልበት አይፈጅም፤ ጉልበት ላለቀበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ያላወቀው ግን «ጠመንጃዬ የት ሄደ?» እያለ ጠላት ጉያ ውስጥ ሆኖ ይሞታል።

ዓይንስ የት ይሁን? ጠላት ላይ አይደለም። ጠመንጃው ጠላትን ያይልናል። ዓይን መሆን ያለበት በራስ ባለታሪክ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ጥይት የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ በኩል ነው። የጀማሪና የለመደ ሰው ልዩነት ከምንም በላይ የሚታየው እዚህ ይመስለኛል፣ ሆኖም ከጎን ሆኖ ስክሪን የሚያይ ሰው አያስተውለውም።

መሣሪያን በተመለከተ ጨዋታው የሚያስይዘው ሁለት ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ተረት ሠሪዎቹ የሰሙት ይመስላል። ሲጀመር የሚሰጠው ሽጉጥ ደካማ ነው፤ ስሙም እንኳ መናኛነቱን ይናገራል። ግን ጉልበት አይጠይቅም፣ ዜሮ ነው። ሌሎቹ መሣሪያዎች ላይ በአንድ ተኩስ የሚፈጁት ጉልበት በቁጥር ተጽፏል። በተኩስ 3 የሚበላ ጠመንጃ በ180 ጉልበት 60 ጊዜ ብቻ ይተኩሳል፤ ቁልፉን ጭኖ ለማይለቅ ጣት ደግሞ 60 ምንም አይደለም። መሣሪያዎቹ በቀለም ደረጃ ወጥቶላቸዋል፦ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ጀማሪ ብርቱካናማ ነገር ሣጥን ውስጥ ሲያገኝ ሽጉጡን ይጥላል፣ ሌላ ሁለተኛ በላተኛ ጠመንጃም ያነሣል፣ ሁለቱንም እያንጣጣ ሦስት ክፍል ያልፋል። ከዚያ ሰማያዊው መስመር ባዶ ሆኖ በቡጢው ብቻ ቦስ ፊት ይቆማል።

የእኔ ምክር ቢያንስ እስከ 2-1 ድረስ አንደኛው እጅ ሁልጊዜ ዜሮ ወይም 1 የሚበላ ነገር ይያዝ የሚል ነው። ተራውን ጠላት በርካሹ፣ ክፉውን በውዱ። ሌላው ቀለም የማይናገረው ነገር፣ መሣሪያው የት እንደሚያቆም ነው። በታኝ ጠመንጃ የሚያዋጣው ከቅርብ ስለሆነ ባለቤቱን ወደ ጥይት መሃል ይስበዋል። ሰይፍም እንደዚያው፤ ምንም እንኳ አንዳንዱ ሰይፍ ሲወናጨፍ የመጣን ጥይት የሚያጠፋ ቢሆንም። እግሩ ገና ያልፈታ ጀማሪ ሩቅ ሆኖ የሚተኩስ አረንጓዴ ጠመንጃ ቢይዝ፣ አቅርቦ ከሚያስገድለው ሐምራዊ ይሻለዋል።

1-5 ላይ ቦስ አለ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መከለያው ጥቂት ነው፣ ጥይቱ ብዙ ነው። ብዙዎች የሚደነግጡት በጥይቱ ብዛት ነው፤ የሚያድነው ግን ቦሱ ጥቂት ነገር ብቻ ደጋግሞ የሚያደርግ መሆኑ ነው። አንዱ ክብ አድርጎ ይበትናል፣ ቀጥሎ ይዘላል፣ ቀጥሎ ትንንሾችን ይጠራል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ከቦታው የማይንቀሳቀስ ግዙፍ ተክል የሆነ ቦስም አለ፤ ከእሱ ጋር ርቀትን የሚወስነው ሙሉ በሙሉ ተጫዋቹ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አለመተኮስ፣ እየዞሩ ማየት ብቻ፣ ጉልበትም ሕይወትም ያተርፋል። ጥቃቱ ሲያልቅ ትንሽ ፋታ አለ፤ ልዩ ችሎታው የሚወጣው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ጦረኛ ችሎታ የያዘውን መሣሪያ ለጥቂት ጊዜ በሁለት እጁ ማድረግ ነው፤ በፋታው ላይ ሲውል ይታያል፣ በሽሽት ላይ ሲውል ይባክናል። የቦሱ ሕይወት ግማሽ ሲደርስ ይቆጣል፣ ይፈጥናል። ጀማሪ ግማሹን ሲያይ አሸነፍኩ ብሎ ይጠጋል። መራቅ ያለበት ያኔ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ሳንቲም የሚያገለግለው ለዚያው ጉዞ ብቻ ስለሆነ ይዞ መሞት ኪሳራ ነው፤ ሌላው ገንዘብ፣ ዕንቁው፣ ግን ይቆያል፣ አንዳንድ አዳዲስ ባለታሪኮችንም የሚከፍተው እሱ ነው። ቀዩ ከጎደለ ሳንቲሙ ለመድኃኒት፣ ካልጎደለ ለመሣሪያ ወይም ረዳት ተዋጊ ለመቅጠር ይዋል። በየመሃሉ ከሦስት ጥቅሞች አንዱን ምረጥ ይባላል። ጥይት የሚያበዛው ዓይን ይስባል፤ ለጀማሪ ግን ጋሻ የሚጨምረው ወይም ከእሳትና ከመርዝ የሚከላከለው ይሻላል ባይ ነኝ። የሚከራከረኝ እንዳለ አውቃለሁ።

ከሞቱ በኋላ ማስታወቂያ አይቶ መነሣት የሚባል ነገርም አለ፤ መስመር በሌለበት ግን ማስታወቂያውም የለም፣ በዕንቁ መክፈል ይቀራል። ይህና የዕንቁ አዝጋሚነት ናቸው ልጆችን ሞድ ወደሚባለው የሚገፋቸው፤ ሁሉ ነገር የተከፈተበት፣ ዕንቁ የማያልቅበት የተነካካ ቅጂ። ከስልክ ወደ ስልክ በሚሻገርበት አካባቢ የትኛው ንጹሕ የትኛው የተነካካ እንደሆነ መለየት ይከብዳል፤ ከጌሙ ጋር ሌላ የማይፈለግ ነገርም ሊጫን ይችላል። ስልክን ትተን ጨዋታውን ብቻ ብናይ እንኳ ሞድ የሚነጥቀው ያንኑ ጨዋታውን ነው። ሁሉ ጠመንጃ ተከፍቶለት የጀመረ ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ሲያጠፋው አይቻለሁ። እግሩን የሚያስተምረው ድህነት አልነበረውም።

እውነተኛ ተኩስ በተሰማበት አገር ስለ ተኩስ ጨዋታ በዝርዝር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ይከብድ ይሆናል። ለእኔም ይከብደኛል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሶል ናይት ጥይት ደማቅ ቀለም አለው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ አይቶት ገለል ለሚል ሁሉ ፋታ ይሰጣል። እዚያ የሚለማመድ ልጅ የተማረው የስክሪን ነገር ነው፤ ከውጭ ላለው ጥይት አንዳችም አያዘጋጀውም። ትንንሽ ልጆች ይህን እንዲያውቁት መናገር የታላላቆች ፈንታ ነው።

አገር ውስጥም ጌም ይሠራል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ አውጥቷል። ኩኩሉ ላይ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት ያለችው፤ መሣሪያ የላትም፣ ያላት ሩጫ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ለሶል ናይት ጀማሪ ከእሷ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። አንድ የኛ ሰው ምድር ቤት ያለበት ጨዋታ ልሥራ ቢል ደግሞ የሚሥለው ቦታ አያጣም። የሶፍ ዑመር ዋሻ ምሰሶዎች ወይም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያገናኙት ጨለማ መተላለፊያዎች ቻይናዊው ንድፍ አውጪ በሕልሙም ያላያቸው ክፍሎች ናቸው።

የመጨረሻው ነገር በጋራ መጫወት ነው፤ በእኔ እምነት ሶል ናይት ከሁሉ የሚጣፍጠው እንዲህ ነው። እስከ አራት ሰው ይሆናል፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌሎቹ ዋይፋይ አብርተው ይገባሉ። የጨዋታው ቅጂ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ አሮጌ፣ ሌላው የታደሰ ከያዘ አይገናኙም። ከመጀመራቸው በፊት በዜንደር መላላክ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ከገቡ በኋላ አራቱም አንድ ጥግ ላይ ከተከማቹ የተበተነ ጥይት ሁሉንም ያገኛቸዋል፤ ሁለት ሁለት ሆነው በክፍሉ ግራና ቀኝ ቢዞሩ ጠላት ይከፋፈላል። ሣጥን ሲከፈት ብርቱካናማውን ማን ይውሰድ የሚለው ክርክር የማይቀር ስለሆነ አስቀድሞ ተራ መያዝ ነው። ጋሻው ያለቀበት «ቆዩኝ!» ይላል፣ ሌሎቹም ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁታል፤ አንዱ ታግሦ ካልቆመና ቀድሞ ከገባ ውጊያው ለሁሉም ይጀምራል። ሆትስፖቱን የሚከፍተው ባትሪው የሞላለት ልጅ ይሁን፤ የእሱ ስልክ ከጠፋ ሁሉም አብረው ይወጣሉ።